ስለ ዊሊ ኦሪ አራት ግቦች

«ሰው በሥራው ይመዘናል» ሲባል ሁላችንም እንሰማለን፤ እኛም ደጋግመን እንናገረዋለን። አባባሉ እውነት ነው። ነገር ግን የሚመዘነው በምን ዓይነት ሚዛን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ቡና የሚመዘንበት ሚዛን ለወርቅ እንደማይሆን ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። የሰውን ድካም ለመመዘን ግን ብዙዎቻችን ያለን ሚዛን አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ቁጥር ነው። ስንት አገባ? ስንት አገኘ? ስንተኛ ወጣ? ብለን እንጠይቅና መልሱን እንደ ሰማን ፍርዳችንን እንሰጣለን።

ይህን ልማዳችንን ለመመርመር ስል በዚህ ጽሑፍ ስለ አንድ ስፖርተኛ እናገራለሁ። ስሙ ዊሊ ኦሪ ይባላል፤ የተወለደው በካናዳ ሲሆን በበረዶ ላይ በሚደረገው የሆኪ ጨዋታ አጥቂ ነበር። በአገራችን የታወቁ ስንት ጀግኖች ሯጮች እያሉ ስለ ሩቅ አገር ሰውና ስለ በረዶ ጨዋታ መጻፌ የሚያስገርመው አንባቢ ይኖር ይሆናል። እርሱን የመረጥሁት በታላቁ ሊግ ያስመዘገበው ቁጥር እጅግ ትንሽ፥ የተሰጠው ክብር ግን እጅግ ትልቅ ስለ ሆነ ነው። በቁጥሩና በክብሩ መካከል ያለው ርቀት ከምን እንደ መጣ መርምረን ስንረዳ፥ ስለ ራሳችን ሚዛንም አንድ ነገር እንማራለን ብዬ አምናለሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ጨዋታውን ላላየ ሰው በጥቂቱ ላስረዳ። በልደት በዓል ሰሞን በየሜዳው የሚደረገውን የገና ጨዋታ ያየ ሰው ሆኪን ለመረዳት አይቸገርም። በዚያም ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ አለ፤ በዱላው የሚመታ ሩር አለ፤ ሁለት ተጋጣሚ ወገኖችም አሉ። ዋናው ልዩነት ሜዳው ነው። የሆኪው ሜዳ ርዝመቱ 61 ሜትር፥ ወርዱ 26 ሜትር ያህል የሆነ በረዶ ነው። ተጫዋቾቹ ከሥሩ የተሳለ ብረት ያለበትን ጫማ አድርገው በበረዶው ላይ እየተንሸራተቱ ይሮጣሉ። ሩሩም ድቡልቡል አይደለም፤ ከጠንካራ ጎማ የተሠራ፥ ጠፍጣፋና ክብ የሆነ፥ 160 ግራም ያህል የሚመዝን ነገር ነው። ከያንዳንዱ ወገን ባንድ ጊዜ ስድስት ሰዎች ይሰለፋሉ፤ አንዱ በረኛ፥ ሁለቱ ተከላካዮች፥ ሦስቱ አጥቂዎች ናቸው። ከአጥቂዎቹ አንዱ በመካከል፥ ሁለቱ በግራና በቀኝ ክንፍ ይጫወታሉ። ዊሊ ኦሪ የክንፍ አጥቂ ነበር።

አባቶቻችን «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ያሉት ጌታና ሎሌ በሜዳ ላይ እኩል ሆነው ስለሚጋፉ ነው። በሰሜን አሜሪካው ሆኪ ግን ይህ እኩልነት ለረጅም ዘመን ከሜዳው በር አላለፈም። ብሔራዊው የሆኪ ሊግ የተመሠረተው በ1917 ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስከ 1958 ድረስ፥ ይኸውም ለአርባ ዓመት ያህል፥ አንድም ጥቁር ሰው በዚያ ሊግ ተሰልፎ አልተጫወተም።

አሁን ወደ ሰውየው ልምጣ። ዊሊ ኦሪ በጥቅምት 15 ቀን 1935 ኒው ብራንስዊክ በተባለው የካናዳ ክፍለ ሀገር፥ በፍሬደሪክተን ከተማ ተወለደ። ከአሥራ ሦስት ልጆች የመጨረሻው ነበር። ከቅድመ አያቶቹ አንዱ በአሜሪካ ከነበረው ባርነት አምልጦ ወደ ካናዳ የገባ ሰው ነው። በፍሬደሪክተን የነበሩት ጥቁር ቤተሰቦች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በዚያ አገር ክረምቱ ረጅምና ብርቱ ስለ ሆነ ልጅ ሁሉ በበረዶ ላይ መሮጥን የሚማረው ገና በሕፃንነቱ ነው፤ ዊሊም እንዲሁ ተማረ።

ከሁሉ አስቀድሜ ቁጥሩን ልንገራችሁ። በብሔራዊው ሊግ ለቦስተን ቡድን በ1957–58 የውድድር ዘመን ሁለት ጊዜ፥ በ1960–61 የውድድር ዘመን ደግሞ አርባ ሦስት ጊዜ ተሰለፈ። ጠቅላላው 45 ጨዋታ ነው። ያገባው ግብ 4 ሲሆን፥ ለጓደኞቹ አቀብሎ ግብ ያስገኘው 10 ጊዜ ነው። ነገሩ በዚህ አለቀ። ዌይን ግሬትዝኪ የተባለው ዝነኛ የካናዳ አጥቂ በዚሁ ሊግ 894 ግብ አግብቷል። የሩሲያው አሌክሳንደር ኦቬችኪን ደግሞ በሚያዝያ ወር 2025 ይህን የግሬትዝኪን ቁጥር አልፎ ሄዷል። በነዚህ ሰዎች አጠገብ አራት ግብ ምን ያህል ናት? ከጤፍ ክምር አጠገብ እንደ ወደቀች አንዲት ፍሬ አይደለችምን?

ሆኖም ይህ የአራት ግብ ባለቤት በ2018 ወደ ሆኪ የዝና አዳራሽ ገባ። በጥር 18 ቀን 2022 የቦስተን ቡድን ሰውየው ይለብሰው የነበረውን 22 ቁጥር ሌላ ተጫዋች ዳግመኛ እንዳይለብሰው ወስኖ መለያውን ከሜዳው ጣሪያ ሥር ሰቀለው። በማግሥቱ የአሜሪካ ኮንግሬስ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት አንድም ተቃዋሚ ሳይገኝ በ426 ድምፅ የኮንግሬስ የወርቅ ሜዳይ እንዲሰጠው ወሰነ። ከሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ቀደም ብሎ ውሳኔውን አሳልፎ ስለ ነበር፥ ፕሬዚዳንቱ በዚያው ወር መጨረሻ ሕጉን ፈረሙበት። ከብሔራዊው ሊግ ተጫዋቾች ይህን ሜዳይ ያገኘ ከርሱ በፊት ማንም አልነበረም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ በአራት ግብ ይህን ሁሉ ክብር ማግኘት ይገባልን?

ፈጥኖ የሚሰጠው መልስ «የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ስለ ሆነ ነው» የሚል ነው። ነገሩ እውነት ነው፤ በጥር 18 ቀን 1958 በሞንትሪያል አዳራሽ የቦስተንን መለያ ለብሶ ወደ በረዶው በገባ ጊዜ የሊጉ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ። ሞንትሪያል በዚያ ዘመን አምስት ዓመት በተከታታይ ዋንጫ የወሰደ ብርቱ ቡድን ነበር፤ ቢሆንም በዚያች ሌሊት ቦስተን 3 ለ 0 አሸነፈ። እኔ ግን ይህ መልስ ብቻውን በቂ ነው አልልም። ምክንያቶቼም ሁለት ናቸው።

አንደኛው፥ መጀመሪያ መሆን የራስ ሥራ ብቻ አይደለም። ከዊሊ ኦሪ በፊት ችሎታ ያላቸው ጥቁር ተጫዋቾች አልጠፉም ነበር። በካናዳ በሃሊፋክስ ከተማ በ1895 የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ለጥቁር ተጫዋቾች የሆኪ ሊግ አቋቁመው ነበር። ኸርብ ካርኔጊ የተባለው አጥቂም በኩቤክ ሊጎች እጅግ የተመሰገነ ሰው ነበር። በ1948 የኒው ዮርክ ቡድን ጠርቶ ፈተነው፤ ካየውም በኋላ በታላቁ ሊግ እንዲሰለፍ ሳይሆን በታናናሾቹ ቡድኖች እንዲጫወት ጠየቀው። ደመወዙም ኩቤክ ከሚያገኘው ያነሰ ስለ ሆነ ካርኔጊ እንቢ አለ። ካርኔጊ በ2012 ሞተ፤ የዝና አዳራሹም ያከበረው ከሞተ ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ በሩ ለአንዱ ተከፍቶ ለሌላው የተዘጋው በችሎታ ልዩነት ብቻ ነው ለማለት አንደፍርም። መጀመሪያ የሆነውን ስናከብር፥ መጀመሪያ ለመሆን ያልተፈቀደለትን መርሳት ፍርድ ማጓደል ነው።

ሁለተኛው፥ ብዙ ጸሐፊዎች ዊሊ ኦሪ «በሩን ከፈተ» ይላሉ። ነገሩን በዓመታት ስንመለከተው ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። እርሱ ከታላቁ ሊግ የወጣው በ1961 ነው። ከርሱ ቀጥሎ ሌላ ጥቁር ተጫዋች፥ ማይክ ማርሰን የተባለው፥ በዚያ ሊግ የተሰለፈው በ1974 ነው። በመካከሉ አሥራ ሦስት ዓመት አለ። በር ተከፍቶ ሰው ካላስገባ ተከፈተ አይባልም፤ ገርበብ ብሎ ተመልሶ ተዘጋ ይባላል እንጂ። እንግዲህ ክብሩን ሁሉ በዚያች በአንዲት የጥር ሌሊት ላይ ብቻ ብናስደግፈው ምሰሶው አይችለውም።

ታዲያ የሰውየው ሥራ የት ነው ያለው? በኔ አስተያየት ሰው ብዙ በማይመለከተው ቦታ ነው ያለው። እርሱንም በሦስት ከፍዬ ላቅርብ።

የመጀመሪያው የዓይኑ ነገር ነው። በ1955–56 የውድድር ዘመን፥ ገና ሃያ ዓመት ገደማ ሳለ፥ በሙሉ ኃይል የተመታ ሩር ቀኝ ዓይኑን መታው። ዓይኑ ታወረ ማለት ይቻላል፤ ሐኪሙም ከእንግዲህ ሆኪ አትጫወትም አለው። እርሱ ግን ብዙ ሳይቆይ ወደ በረዶው ተመለሰ። በአንድ ዓይኑ የማያይ ሰው በብሔራዊው ሊግ እንዳይጫወት የሚከለክል ደንብ ስለ ነበረ፥ ምስጢሩን ከጥቂት ሰዎች በቀር ለማንም አልተናገረም። በታላቁ ሊግ የተጫወተውን አርባ አምስት ጨዋታ ሁሉ የተጫወተው በአንድ ዓይን ነው።

የዚህን ትርጉም ለመረዳት የሜዳውን ነገር ማሰብ ያስፈልጋል። በግራ ክንፍ የሚጫወት አጥቂ ከጎኑ በስተግራ ያለው ግድግዳ ነው፤ ጨዋታው ሁሉ፥ ሩሩም፥ ጓደኞቹም፥ ሊጋጨው የሚመጣውም ተከላካይ ያሉት በስተቀኙ ነው። የዊሊ ኦሪ የታወረው ዓይን ደግሞ የቀኙ ነበር። ስለዚህ የሚቀበለውን ሩር ለማየት አንገቱን በቀኝ ትከሻው በኩል ፈጽሞ ማዞር ነበረበት፤ ይህንንም የሚያደርገው በብርቱ ፍጥነት እየተንሸራተተ ነው። ዓይኑን ከፊቱ ያነሣ ሰው ደግሞ በዚህ ጨዋታ ምን እንደሚያገኘው የታወቀ ነው።

አንዳንዶች ምስጢሩን መደበቁን ራሱን እንደ ጀግንነት ያወድሱታል። እኔ በበኩሌ በዚህ አልስማማም። ደንቡ የወጣው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ አብዛኞቹ ተጫዋቾች የራስ ቁር በማያደርጉበት በዚያ ዘመን የቀረችው አንዲት ዓይን ብትመታ ሰውየው በዕድሜው ሙሉ ብርሃን አያይም ነበር። ከክፍል ጓደኞቻችን አንዱ እንዲህ ያለውን ጉዳት ደብቆ ለመጫወት ቢያስብ፥ ሄደህ ለአሠልጣኝህ ንገር እለዋለሁ እንጂ አይዞህ አልለውም። የማደንቀው መደበቁን አይደለም፤ የማደንቀው በቀረችው ዓይን መጫወትን እንደ ገና መማሩን ነው። በጠፋው ዓይን ላይ ተቀምጦ ከማልቀስ ይልቅ የቀረውን ዓይን አሠራው። ይህ በአራት ግብ የሚቆጠር ነገር አይደለም።

ሁለተኛው፥ የታገሠው ነገር ነው። በየከተማው ከተመልካቾች መካከል በቀለሙ የሚሰድቡት ነበሩ። በቺካጎ በተደረገ አንድ ጨዋታ የተቃራኒ ወገን ተጫዋች በዱላው ጫፍ አፉን መትቶ የፊት ጥርሶቹን አወለቀበት፤ እርሱም መልሶ መታው፥ ትልቅ ጠብም ሆነ። እኔ ጠቡን አላመሰግንም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል፤ ይህ ሰው ባገባው ግብ ቁጥር ሲመዘን ከጎኑ የሚመዘኑት ሌሎች አጥቂዎች ይህን ሁሉ አልተሸከሙም። አንዱ ባዶ እጁን፥ ሌላው ኩንታል ተሸክሞ ዳገት ሲወጡ፥ ማን ቀድሞ ደረሰ ብሎ ብቻ መጠየቅ ፍርድ አይባልም።

ከበረዶው ሜዳም ውጭ ነገሩ እንዲሁ ነበር። በ1956 የሚልዋኪ የቤዝቦል ቡድን ችሎታውን ለመፈተን ወደ ጆርጂያ ጠራው። ያን ጊዜ በአሜሪካ ደቡብ ጥቁሮችና ነጮች በሕግ ተለያይተው የሚኖሩበት ዘመን ነበር፤ መጠጫውም፥ መቀመጫውም፥ መኝታውም ለየብቻ ነው። ፈተናው ሳይሳካለት ቀርቶ በአውቶቡስ ወደ አገሩ ሲመለስ በስተኋላ መቀመጥ ነበረበት፤ መኪናው ወደ ሰሜን በራቀ መጠን ወደ ፊት እየቀረበ እንደ ተቀመጠ ራሱ ተናግሯል። ቤቱ ሲደርስም ቤዝቦሉን ትቶ ሆኪውን ያዘ።

ሦስተኛውና በኔ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው፥ ታላቁ ሊግ ካሰናበተው በኋላ የሠራው ሥራ ነው። በጥር 1 ቀን 1961 በቦስተን ሜዳ በሞንትሪያል ላይ የመጀመሪያውን ግብ ባገባ ጊዜ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበለት። በዚያው ዓመት ግን ቦስተን ለሞንትሪያል አሳልፎ ሰጠው፤ ሞንትሪያልም በታላቁ ቡድን ውስጥ ቦታ አልሰጠውም። በዚያን ጊዜ ብሔራዊው ሊግ የነበሩት ቡድኖች ስድስት ብቻ ስለ ነበሩ ቦታው እጅግ ጠባብ ነበር። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ተስፋውን ቆርጦ ወደ ቤቱ በተመለሰ ነበር። እርሱ ግን ወደ ካሊፎርኒያ ሄዶ በምዕራቡ ሊግ በመጀመሪያ ለሎስ አንጀለስ፥ ከዚያም ለሳን ዲዬጎ መጫወት ጀመረ።

በሎስ አንጀለስ አሠልጣኙ ከግራ ክንፍ ወደ ቀኝ ክንፍ አዛወረው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ለርሱ ግን ታላቅ ነገር ነበር። በቀኝ ክንፍ ግድግዳው በስተቀኝ፥ ጨዋታው በስተግራ ይሆናል። ደኅናው ዓይኑም የግራው ነው። አሁን አንገቱን ሳያዞር ሩሩን ማየት ቻለ። በ1964–65 የውድድር ዘመን 38 ግብ አገባ፤ በ1968–69 ደግሞ፥ ዕድሜው ከሠላሳ ሦስት ባለፈበት ጊዜ፥ እንደ ገና 38 ግብ አገባ። እስከ 1979 ድረስ መጫወቱን አላቋረጠም፤ ያን ጊዜ ዕድሜው አርባ ሦስት ዓመት ነበር።

ክቡራን መምህራንና ወላጆች ከዚህ ላይ አንድ ነገር እንዲመለከቱልኝ እለምናለሁ። በግራ ክንፍ አራት ግብ ያገባውና በቀኝ ክንፍ 38 ግብ ያገባው ሰው አንድ ነው። እርግጥ ሁለቱ ሊጎች በብርታት እኩል አልነበሩም፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን የቦታው መለወጥ የረዳው መሆኑ ደግሞ ግልጥ ነው። በክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ ሰሌዳው የማይታየው ተማሪ የለምን? ጆሮው ደከም ያለ፥ መምህሩ ሲናገር ግማሹን ብቻ የሚሰማ የለምን? ውጤቱን አይቶ «ሰነፍ» ከማለት በፊት በየትኛው ክንፍ እንደ ቆመ መጠየቅ ይገባል። ቦታውን መለወጥ ብቻ የሚበቃው ስንቱ ይሆን?

መጫወቱን ካቆመ በኋላ ዊሊ ኦሪ ለብዙ ዘመን ሰው ሳያስታውሰው በሳን ዲዬጎ በጥበቃ ሥራ ይተዳደር ነበር። በ1998 ብሔራዊው ሊግ ጠርቶ በየከተማው ላሉ፥ የሆኪን ጨዋታ ለማየት እንኳ ዕድል ላላገኙ ልጆች አስተማሪና አማካሪ አደረገው። ያን ጊዜ ዕድሜው ከስድሳ ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየትምህርት ቤቱና በየሜዳው እየዞረ ልጆችን ሲያስተምር ኖረ፤ በዚህ ሥራ የተረዱት ልጆች ቁጥር ከ120,000 በላይ እንደ ሆነ ይነገራል። ተመልሶ የተዘጋውን በር በእውነት የከፈተው፥ በኔ አስተያየት፥ ይህ ሥራ ነው እንጂ የ1958ቱ ሌሊት ብቻውን አይደለም።

የዝና አዳራሹም ይህን የተረዳው ይመስለኛል። በ2018 ያስገባው በተጫዋቾች ተራ አይደለም፤ ጨዋታውን ከገነቡት ሰዎች ተራ ነው። አንዳንድ ሰዎች ይህን እንደ ማሳነስ ይቆጥሩታል፤ እኔ ግን ትክክለኛ ፍርድ ነው እላለሁ። አራቱን ግብ አራት መቶ አስመስሎ መናገር ሐሰት በሆነ ነበር፤ ሐሰተኛ ምስጋና ደግሞ የሚመሰገነውን ሰው ያዋርደዋል። አራቱ ግብ አራት ሆኖ ይቆጠር፤ የሠራው ሌላው ሥራ ደግሞ በራሱ መዝገብ ይጻፍ። በተጫዋቾች መዝገብ ከሆነ ጃሮም ኢጊንላን የመሳሰሉ አሉ። ይህ ጥቁር የካናዳ አጥቂ በብሔራዊው ሊግ 625 ግብ አግብቷል፤ በ2002ቱ የክረምት ኦሊምፒክም ከአገሩ ቡድን ጋራ የወርቅ ሜዳይ አግኝቶ በ2020 ለዝና አዳራሹ በተጫዋችነት ተመርጧል። ለያንዳንዱ እንደ ሥራው በየመዝገቡ መስጠት እውነተኛ ሚዛን ይባላል።

ከዚህ ላይ የሚቃወመኝ አንባቢ ሊነሣ ይችላል። «የሰውን ሸክም እየቆጠርን ከመዘንን ሰነፍ ሁሉ ሸክም አለብኝ እያለ ያመካኛል፤ ፈተና የወደቀው ሁሉ ቤቴ ሩቅ ነው፥ መብራት የለኝም፥ ዓይኔ ይደክማል ይላል» ይል ይሆናል። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ አልንቀውም። በእውነትም ምክንያት መደርደር የሚወድ ተማሪ በየክፍሉ አይታጣም።

ለዚህ የምሰጠው መልስ የሚከተለው ነው። ሸክምን መቁጠር የተሸካሚው ሥራ አይደለም፤ የተመልካቹ ሥራ ነው። ዊሊ ኦሪ ግብ ሲስት «ዓይኔ ነው» ብሎ አላመካኘም፤ እንዲያውም ማንም እንዳያውቅበት ተጠነቀቀ። ለራሱ የያዘው ሚዛን የማያዳላ ሚዛን ነበር፤ ሃያ ዓመት በላይ በአንድ ዓይን ሲጫወት ሸክሙን ለራሱ አልቆጠረም። የቆጠሩለት ሌሎች ናቸው፤ እነርሱም እጅግ ዘግይተው ቆጠሩለት። ስለዚህ ነገሩ ለሁለት ይከፈላል። ተማሪ ራሱን ሲመዝን በቁጥሩ ይመዝን፤ አራት ካገባ አራት አገባሁ ይበል፥ ምክንያትም አያብዛ። መምህርና ወላጅ ግን ተማሪውን ሲመዝኑ ሸክሙንም አብረው ይመዝኑ። እኛም ጓደኛችንን ስንመዝን እንዲሁ እናድርግ። ሁለቱ ሚዛኖች ቦታቸውን ሲለዋወጡ ነው ጥፋት የሚመጣው፤ ለራሳችን ምክንያት እየደረደርን በሌላው ላይ ቁጥር ስንጠራ ማለት ነው። እውነቱን ብንናገር ብዙ ጊዜ የምንሠራው ይህንኑ ነው።

በያመቱ መጨረሻ የውጤት ካርድ ሲታደል ሁላችንም ዓይናችንን ወደ ታች የምንጥለው ተራ ወደ ተጻፈባት መሥመር ነው። ወላጅም ቤት ሲደርስ የሚጠይቀው ስንተኛ ወጣህ፥ ስንተኛ ወጣሽ ብሎ ነው። መጠየቁ ክፉ አይደለም፤ ተራ ማውጣትም አስፈላጊ ነገር ነው፤ እኔ ቁጥር ይቅር አልልም። ነገር ግን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከብት የሚጠብቀው፥ ጉሊት የምትውለው እናቱን የሚያግዘው ልጅ ሃያኛ ሲወጣና፥ ምንም ሥራ የሌለበት ልጅ አሥረኛ ሲወጣ፥ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በአሥር ይበልጣል ብለን ብንደመድም ስሌታችን ሙሉ አይሆንም። ውሃ ቀድታ፥ እንጀራ ጋግራ፥ ታናናሾቿን አስተኝታ ሌሊት የምታጠናውም እኅታችን በካርዷ ላይ የሚጻፍላት ተራዋ ብቻ ነው፤ የተሸከመችው አይጻፍላትም። ሌላ ሰው አይቶ ካልቆጠረላት በቀር ማን ይቆጥርላታል?

ለዊሊ ኦሪ ሸክሙ እስኪቆጠርለት ድረስ ከመጀመሪያ ጨዋታው እስከ ዝና አዳራሹ ስድሳ ዓመት ፈጀ። በዕድሜ ስለ ቆየ ክብሩን በዓይኑ ለማየት በቃ፤ ካርኔጊ ግን ሳያይ ሄደ። በየክፍላችን ከኛ አጠገብ የተቀመጡት ጓደኞቻችን ይህን ያህል ዘመን መጠበቅ አይኖርባቸውም። ካርዳቸውን ስናይ እነርሱንም እንይ፤ ያን ጊዜ አራቷ ግብ ምን ያህል እንደምትከብድ እንረዳለን።